አልጋ ስር አልገባ ያለው መወልወያ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ብዙ ደዋዮች ያነሱት ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ እጅ የማይደርስበትን ወለል በምን እንወልውል? አልጋ ስር፣ ቁም ሳጥን ስር፣ የሽንት ቤት መቀመጫ ጀርባ፣ ፍሪጅ ስር። ለዚሁ ሥራ የተሠሩት ዝርግ መወልወያዎች፣ ማለትም እንደ መጽሐፍ የተዘረጋ ሰሌዳና የሚረዝም እጀታ ያላቸው፣ ገበያ ላይ ሞልተዋል። የገዙትም ያልገዙትም ደውለዋል። የጽዳት ባለሙያዎቻችን የሰጡት መልስ እነሆ።

ጥያቄ፦ (ከጀሞ ኮንዶሚኒየም) እጀታው የሚረዝም ዝርግ መወልወያ ገዛሁ። ሰሌዳው ስስ ነው፤ ግን አልጋው ስር ግማሽ ሲደርስ ይያዝና አልሄድ ይላል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ የያዘው ሰሌዳው ሳይሆን አንገቱ ነው። ሰሌዳው ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እጀታው ወደ ወለሉ መተኛት አለበት። እጀታውና ሰሌዳው የሚገናኙበት መታጠፊያ እስከ መጨረሻው ካልታጠፈ እጀታው የአልጋው ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ሲገፉት የሰሌዳው አንድ ጎን ከወለሉ ይነሳል ወይም ጨርሶ ይቆማል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰሌዳውን መሬት ላይ አድርገው እጀታውን ሙሉ በሙሉ ያስተኙት። ሰሌዳው በአራቱም ማዕዘን ወለሉን ይዞ ከቀረ ጥሩ ነው። ከተነሳ ይተዉት፤ ዋጋው ረከሰ ብለው አይውሰዱት።

ቁመቱን ሲለኩም ጨርቁ እንደለበሰ፣ ከፍ ብሎ ከሚታየው ቦታ ይለኩ። ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው መታጠፊያው ነው፤ ሰሌዳው 2 ሴንቲ ሜትር ሆኖ መታጠፊያው 5 ወይም 6 ሊሆን ይችላል። ቤት ሲገቡ ደግሞ የአልጋውን ጠርዝ ብቻ አይለኩ። መሃል ላይ የሚያልፈው አግዳሚ እንጨት ወይም በፍራሹ ክብደት የጎበጠው ርብራብ ከጠርዙ ዝቅ ሊል ይችላል። ከሁሉም ዝቅ ያለውን ቦታ ይዘው ከመወልወያው ቁመት ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይኑረው። ርዝመቱንም እንዲሁ ያስሉ፦ አልጋው 1 ሜትር ተኩል ስፋት ኖሮት አንድ ጎኑ ግድግዳ ከነካ፣ እጅዎ የሚይዝበት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጨምሮ ወደ 1 ሜትር ከ90 የሚደርስ ያስፈልጋል። 1 ሜትር ከ20 ላይ የሚያበቃ እጀታ ግድግዳውን አይነካም።

አሁን ለገዙት ደግሞ መላ አለው። ከጎን ያልገባው ከግርጌ በኩል ሊገባ ይችላልና አግዳሚው በየት በኩል እንደሚያልፍ በባትሪ አይተው ይሞክሩ። አለበለዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው አራት እኩል የእንጨት ቁራጮች ከአልጋው እግሮች ስር ያስገቡ። ቁራጮቹ ከእግሮቹ ሰፋ ያሉ ይሁኑ፤ ጠባብ ከሆኑ አልጋው ሲነቃነቅ ይንሸራተታሉ።

ጥያቄ፦ (ከአዳማ) ወልውዬ ስጨርስ ግድግዳው ጥግ ላይ ጥቁር ጭቃ ተከማችቶ አገኛለሁ። ሳሙናም ብጨምር አይለቅም።

መልስ፦ ጭቃውን የሠራው እርጥቡ ጨርቅ ነው። አልጋ ስር ያለው አቧራ ከፀጉርና ከብርድ ልብስ ብናኝ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ውሃ ሲነካው እንደ ሊጥ ይሆናል። እርጥቡ ጨርቅ ያንን እየገፋ ወስዶ ዞኮሎው (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ስር ይለስነዋል። መጀመሪያ ደረቅ ጨርቅ አልብሰው ያውጡት። ሰሌዳውን ከጥግ እስከ በር፣ ቀኝና ግራ እያጠማዘዙ፣ ከወለሉ ሳያነሱ ወደ ራስዎ ይጎትቱ። ካነሱት የያዘውን ይጥላል። አንድ ጊዜ ጎትተው ሲያወጡ ጨርቁ ጠርዝ ላይ እንደ ጥጥ የተጠቀለለ ግራጫ ነገር ያያሉ፤ ያንን በፌስታል ውስጥ አራግፈው ይድገሙት። ከዚያ በኋላ ነው እርጥቡ የሚገባው።

ሳሙናን በተመለከተ፦ ለ5 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው። ሲበዛ ወለሉ ላይ ይቀርና ይደርቃል፤ የደረቀው ሳሙና ደግሞ በማግስቱ የሚመጣውን አቧራ ይይዛል። «ወልውዬው ሲውል ያድፋል» የሚባለው ወለል አብዛኛው ችግሩ ይሄ ነው። ሁለት ጊዜ በንጹህ ውሃ ብቻ ይወልውሉትና ልዩነቱን ያያሉ። ዞኮሎው ላይ የደረቀውን ግን በሳሙና ውሃ ለ10 ደቂቃ አርሰው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉት። የጨርቁ ማዕዘን ክብ ስለሆነ እዚያች ጥግ በደንብ አይገባም።

ጥያቄ፦ (ከደሴ) የሚረዝመው እጀታ አጥብቄ ብቆልፈውም ስገፋ ወደ ውስጡ ይገባል።

መልስ፦ በመጠምዘዝ የሚቆለፍ ከሆነ፣ የውስጠኛው ቱቦ ጫፍ ላይ ሲጠመዘዝ እየሰፋ የውጭውን ቱቦ ከውስጥ የሚይዝ ፕላስቲክ አለ። ሳሙናና ውሃ ሲገባበት ይንሸራተታል። ውስጠኛውን ቱቦ ስበው ያውጡት፤ ፕላስቲኩንና የውጭውን ቱቦ ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ፕላስቲኩ ከለሰለሰ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ያሻክሩት። መልሰው ከማስገባትዎ በፊት ፕላስቲኩን በጣትዎ አዙረው ትንሽ ያስፉት፤ ቱቦው ውስጥ ሲገባ ካልነካ ቢጠመዘዝም ዝም ብሎ አብሮ ይዞራል። ዘይት እንዳያስነኩት። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ግን አይጠገንም። ሁለቱን ቱቦ የሚፈልጉት ርዝመት ላይ አድርገው በስተው ብሎን ያስሩት፤ ማጠርና መርዘሙ ይቀራል፣ መወልወያው ግን ይሠራል።

ጥያቄ፦ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) የአፓርታማዬ ወለል ላሚኔት ነው። ሶፋ ስር መገጣጠሚያው አብጦ አገኘሁት። ውሃ አላፈሰስኩም።

መልስ፦ ማፍሰስ አያስፈልገውም። ላሚኔት ከላዩ ጠንካራ ነው፤ ሆዱ ግን የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ነው። ውሃ በመገጣጠሚያው ከገባ ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ሶፋ ስር የሚብሰው አየር ስለማያገኝና እርጥበቱ ስለማይታይ ነው። ጨርቁን ጨምቀው በእጅዎ ሲይዙት አንድ ጠብታ እንኳ መንጠባጠብ የለበትም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሰው በሚያየው ቦታ አንድ ጊዜ ይለፉበት፤ ወለሉ በ1 ወይም 2 ደቂቃ ካልደረቀ ጨርቁ ገና እርጥብ ነው። ውሃ የሚረጭ መወልወያ ከሆነም ሶፋው ስር አይርጩ፤ ጨርቁ ላይ ረጭተው ያስገቡ። በእንፋሎት የሚሠራውን መወልወያ ለላሚኔት ባይጠቀሙበት ይሻላል፤ ትኩሱ እንፋሎት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ውሃ ይሆናል።

ጥያቄ፦ (ከባህር ዳር) ከሽንት ቤት መቀመጫው ጀርባ ያለው ሽታ አልጠፋ አለኝ። በረኪናና አሲድ ደባልቂበት ብለውኛል።

መልስ፦ በፍጹም እንዳያደርጉት! በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው። አንዱን አፍስሶ ሳያጥቡ ሌላውን ማስከተልም ያው መደባለቅ ነው። ተሳስቶ የደባለቀ ሰው ካለ ምንም ሳይነካ ወዲያው ይውጣ፤ መስኮት ይከፈት፤ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ካለ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሽታው የሚመጣው በመቀመጫው እግርና በወለሉ መካከል ከደረቀ ሽንት ነው። እዚያ የሚደርሰው ሦስት ማዕዘን ሰሌዳ ያለው መወልወያ ነው፤ ሹሉ ጫፍ በግድግዳውና በእግሩ መሃል ይገባል። መጀመሪያ በሳሙና ውሃ ይጠቡና ያለቅልቁ። ይህን አይዝለሉ፤ ሽንት ውስጥ አሞኒያ ስላለ በረኪና በቀጥታ ሲፈስበት እሱም ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ቀጥሎ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 20 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ይወልውሉት፣ እንደረጠበ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠብ። ጓንት ያድርጉ፣ በሩንም ክፍት ይተዉት። ያ ጨርቅ ወደ ማዕድ ቤት አይሂድ፤ በቀለም ይለዩት።

ይህን ሁሉ አድርገው በሁለተኛው ቀን ከሸተተ፣ በመቀመጫው እግር ዙሪያ ደረቅ ሶፍት ያንጥፉና ውሃውን ይልቀቁት። ሶፍቱ ከረጠበ ከስር ያፈሳል፤ የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ (ከዱባይ) በምሠራበት ቤት ያለው የማይክሮፋይበር ጨርቅ አቧራ መያዝ ተወ፤ ይገፋዋል እንጂ አያነሳውም። በየቀኑ በማሽን አጥበዋለሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ ልብስ የሚያለሰልሰውን ፈሳሽ ይጨምሩበታል? በአብዛኛው ጥፋቱ እሱ ነው። የማይክሮፋይበር ክር ከፖሊስተርና ከፖሊአማይድ ተሠርቶ በጣም ቀጭን ሆኖ የተሰነጠቀ ነው፤ አቧራውን የሚይዘው በስንጥቁ ነው። ማለስለሻው ያንን ስንጥቅ ይሸፍነዋል። ያለ ማለስለሻ፣ በጥቂት ሳሙና፣ በ60 ዲግሪ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠቡት፤ ብዙው ይመለሳል። ከፎጣ ጋር አብረው አያጥቡት፣ የፎጣውን ብናኝ ይሰበስባል። በረኪናም ክሩን ይበላዋል፤ ለሽንት ቤቱ የጥጥ ጨርቅ ይሻላል። በጥላ፣ አየር ባለበት ይሰቀል እንጂ በካውያም በትኩስ ማድረቂያም አይሁን፤ ክሩ በሙቀት ይጠነክራል። ጨርቁን ሲነኩት የእጅዎን ቆዳ ያዝ ካደረገ ገና ይሠራል፤ እንደ ላስቲክ ከለሰለሰ በአዲስ ይተካ።

ጥያቄ፦ (ከሐዋሳ) ዝርግ መወልወያ ለመግዛት አቅም የለኝም። ውሃ መግፊያውን ጎማ በጨርቅ ጠቅልዬ ብጠቀም ይሆናል?

መልስ፦ ለክፍሉ መሃል ይሆናል፤ አልጋ ስር ግን አንገቱ ስለማይታጠፍ አይተኛም። ለጠባቡ ቦታ 1 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ዝርግ ቀጭን እንጨት ይፈልጉ፤ ጫፉ ላይ አሮጌ የጥጥ ካልሲ አጥልቀው አፉን በላስቲክ ይሰሩት። መጀመሪያ ደረቁን፣ ቀጥሎ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ካልሲ። 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ካለ ይገባል፣ የተገዛው መወልወያ የማይደርስበት ፍሪጅ ስርም ጭምር። ፍሪጅ ስር ሲያስገቡ ግን ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ካልሲውም ደረቅ ይሁን፤ ከኋላ ያለው ቀጭን ቱቦና ሽቦ እንዳይያዝ እንጨቱን ከፊት ለፊት ብቻ፣ ወለሉን እያስነኩ ይግፉት።