ዘሩ ለእንቁጣጣሽ፣ ሥራው ከዛሬ
(በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ የቤት ባለቤቶች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣

እንደምን ዋላችሁ? በዚህ የሐምሌ ሙቀት ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ በዉድብሪጅ፣ በሎርተን፣ በማናሳስ ቤት ገዝታችኋል። እንኳን ደስ አላችሁ። ቤቱ ያምራል። ግቢው ግን ቀይ ሸክላ አፈር ነው። ሲዘንብ ጫማ ይይዛል፣ ሲደርቅ ዶማ ይመልሳል። ዛሬ የምንነጋገረው በዚህ አፈር ላይ ከአረም የጸዳ ሳር ስለማብቀል ነው።

እኔም የገባሁት እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ነው። ቤቱ ሲሠራ የላይኛው ለም አፈር ተጠርጎ ሄዷል። የቀረልኝ ከባድ መኪና ሲረጋግጠው የከረመ ሸክላ ነበር። በሚያዝያ የሳር ዘር ዘራሁ። በግንቦት አረንጓዴ ሆነ፣ ልጆቼም ቦረቁበት። ሐምሌ ላይ ሳሩ ተቃጥሎ ክራብግራስ የሚባለው አረም ብቻ ቀረ። በዓመቱ ደግሞ አፈሩ ይላላል ብዬ አሸዋ ጨመርኩበት። ጭራሽ እንደ ጡብ ደረቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘቤም ጉልበቴም ባከነ። እናንተም እንዳትደክሙ ብዬ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። የግቢ ሳር ከአረም የሚጸዳው ዘሩ መሬት ከመንካቱ በፊት ነው። ከዘሩ በኋላ እጃችን አጭር ነው።

በእኛ አካባቢ የሚያዋጣው ሳር ቶል ፌስኪዩ ነው። የሚዘራው ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው፤ ልክ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ማለት ነው። አፈሩ ገና ሙቀት አለው፤ ስለዚህ ዘሩ ቶሎ ይበቅላል። አየሩ ደግሞ እየቀዘቀዘ ነው። ክራብግራስ የአንድ ዓመት አረም ስለሆነ የመጀመሪያው ውርጭ ይገድለዋል። በጸደይ ከዘራችሁ ነገሩ ይገለበጣል። የአፈሩ ሙቀት 55 ፋራናይት አካባቢ ሲደርስ ክራብግራስ ይነሣል፤ ከእናንተ ዘር ጋር እኩል ይበቅላል። ሙቀቱ ሲበረታ እሱ ያሸንፋል። በጸደይ የሚረጨው የአረም መከላከያ መድኃኒትም አብዛኛው የሳር ዘርን ከአረም ዘር አይለይም፤ ሁለቱንም እንዳይበቅሉ ያደርጋል።

በአገራችን የዋልካ መሬት ገበሬ ሽምብራና ጓያ ለመዝራት አይቸኩልም። ክረምቱ ሲያበቃ፣ ውሃው ሲጎድል ጠብቆ ይዘራል። ሸክላ አፈር ጊዜውን ጠብቁልኝ የሚል አፈር ነው።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሁለት ወር አለን። መጀመሪያ አፈራችሁን አስመርምሩ። በየካውንቲው ያለው የቨርጂኒያ ኤክስቴንሽን (የግብርና ምክር) ቢሮ የአፈር ናሙና የሚላክበትን ሣጥን ይሰጣችኋል። አፈራችን ብዙ ጊዜ አሲድ ይበዛዋል፤ ምን ያህል ኖራ እንደሚፈልግ ውጤቱ ይነግራችኋል። በግምት አትጨምሩ።

ቀጥሎ ሰርዶ። አዎ፣ ያው የምናውቀው ሰርዶ ነው። እዚህ በብርዱ ወራት ቡናማ ሆኖ ይተኛል፣ በሙቀቱ ወራት ይነሣል። በማሽን ብትቆፍሩት እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ሰርዶ ይሆናል። ስለዚህ ከመቆፈር በፊት፣ አሁን አረንጓዴ ሆኖ እያደገ ሳለ፣ ግላይፎሴት የተባለ የአረም ማጥፊያ ያለበት መድኃኒት ይረጭ። መልሶ ካቆጠቆጠ ይደገም። በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠንና ከተረጨ በኋላ የሚጠበቀውን ጊዜ አንብቡ። ልጆችን አርቁ። ነፋስ ባለበት ቀን አትርጩ።

ከዚያ ኮምፖስት (ብስባሽ) ነው። በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ጥሬ ፍግ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። ከ1 እስከ 2 ኢንች አልብሳችሁ እስከ 6 ኢንች ጥልቀት ከሸክላው ጋር ቀላቅሉት። ለ1,000 ስኩዌር ፊት ግቢ አንድ ኢንች ለማልበስ 3 ኪዩቢክ ያርድ ያህል ይፈጃል። ወጪ ነው፣ አውቃለሁ። ከሁሉም ወጪ ግን ይህንን አትቀንሱ።

አፈሩን እርጥብ ሆኖ አትንኩት። ጭብጥ አድርጉት። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ተዉት። በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ቀኑ ደርሷል። እርጥብ ሸክላ ላይ ማሽን ማስገባት ትናንት የለፋችሁበትን መልሶ መድፈን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ላይ ደረስን። መሬቱ ተስተካክሎ ሲያልቅ አትዝሩ! ውሃ አጠጡትና ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቁ። አረሙ ይበቅላል። ይብቀል፣ የፈለግነው እሱን ነው። ያኔ መድኃኒት የምትጠቀሙ በመድኃኒት አጥፉት፤ የማትጠቀሙ ደግሞ ላይ ላዩን ብቻ ኮትኩቱት። በጥልቀት መገልበጥ ግን አይሆንም። ከታች ተኝቶ የነበረውን የአረም ዘር ወደ ብርሃን ታወጡታላችሁ።

ዘር ስትገዙ ከረጢቱ ላይ የአረም ዘር መጠን ተጽፏል። ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የቀረበውን ምረጡ፤ ርካሹ ኋላ ያስከፍላል። ለ1,000 ስኩዌር ፊት ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ይበቃል። ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በአግድም በትኑ። ከአፈሩ ጋር እንዲነካካ በሬክ (በጥርሳም መጥረጊያ) ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። ከላይ የስንዴ ገለባ ስስ አድርጋችሁ አልብሱት። ድርቆሽ ግን አይሁን፤ ድርቆሽ የአረም ዘር ጎተራ ነው።

ውሃው ጥቂት ጥቂት፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ይሁን። ሸክላ በአንዴ ብዙ አይጠጣም፤ ይፈስና ዘሩን ይዞት ይሄዳል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። 4 ኢንች ሲደርስ ወደ 3 ኢንች እጨዱት። ከዚያ በታች አትውረዱ፤ ረጅም ሳር መሬቱን ያጠላል፣ አረም ደግሞ ጥላ አይወድም። ሦስት አራት ጊዜ ሳይታጨድ የአረም መድኃኒት አታስነኩት።

ከግቢዬ አንድ ባልዲ አፈር ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ነው። ገሚሱ ኮምፖስት የገባበት፣ ገሚሱ ያልገባበት ነው። ስትወጡ ሁለቱንም ጨብጣችሁ እዩ። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።