ኮመን አፕ ላይ ባዶ የቀሩት ሳጥኖች

[ስክሪን ላይ፦ የኮመን አፕ የእንቅስቃሴዎች ገጽ። ሦስት ሳጥን ተሞልቷል፣ ሌላው ባዶ ነው።]

አሜሪካ ኮሌጅ ለመግባት የምታመለክቱ ልጆች ይህን ገጽ ታውቁታላችሁ። ኮመን አፕ በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች የምታመለክቱበት ድረ ገጽ ነው። ከክፍል ውጭ የምትሠሩትን እስከ 10 ድረስ መጻፍ ትችላላችሁ። ሦስት ጽፋችሁ ሌላው ባዶ ሲቀር ጭንቀት ይጀምራል። ጓደኛችሁ ዲቤት አለው፣ እግር ኳስ አለው፣ የክለብ ፕሬዚዳንት ነው። እናንተ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት።

10 ጣሪያው ነው። ሙሉት ያላችሁ የለም። በ2016 ከሃርቫርድ የትምህርት ኮሌጅ የወጣ አንድ ሪፖርት፣ ተማሪዎች ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ ቁም ነገር ያለው እንቅስቃሴ ለመዘርዘር እንዳይጨነቁ ኮሌጆች በግልጽ ይንገሯቸው ብሏል።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። እናትና አባት ሥራ ላይ ናቸው። ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት የምታመጣው፣ የምታበላው፣ የምታስጠናው ትልቋ ልጅ ናት። አያቷን ሐኪም ቤት ወስዳ የምታስተረጉመውም እሷው ናት። ቅዳሜና እሁድ የአጎቷ ሱቅ ካሸር ትሆናለች። ከክፍል ውጭ ምን ትሠሪያለሽ ሲሏት ግን "ምንም" ትላለች!

ኮመን አፕ የእንቅስቃሴውን ዓይነት ምረጡ ሲል ዝርዝሩ ውስጥ "የቤተሰብ ኃላፊነት" የሚል አለ። "ክፍያ ያለው ሥራ" የሚልም አለ። ሃይማኖታዊ አገልግሎትም አለ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘመር ወይም መስጊድ ልጆችን ቁርአን ማስቀራት ቦታ አለው ማለት ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት አጻጻፍ ጎን ለጎን]

ለመግለጫው የተሰጣችሁ ቦታ 150 ፊደል ነው፣ ክፍት ቦታው ሁሉ ይቆጠራል። "ቤት ውስጥ እረዳለሁ" ካላችሁ ማንም ምንም አያይም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ "ሁለት ታናናሾቼን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ፣ እራት እሠራለሁ፣ ሒሳብ አስጠናለሁ፤ ለአያቴ ሐኪም ቤት አስተረጉማለሁ።" ይሄኔ ሰው ይታያል። ቀጥሎ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። እውነተኛውን ቁጥር ጻፉ። አታጋኑት፣ አፍራችሁም አትቀንሱት።

12ኛ ክፍል ስትገቡ አምስት ክለብ መመዝገብ አያዋጣም። ቅጹ በየትኛው ክፍል እንደሠራችሁት ይጠይቃል። ሁሉም ጋ 12 ብቻ ከሆነ አንባቢው ይገባዋል። ገና 9ኛ ወይም 10ኛ ከሆናችሁ ግን ጊዜ አላችሁ፤ የምትወዱትን አንድ ነገር ይዛችሁ ቆዩበት።

ደግሞ ሁሉም ኮሌጅ ይህን እኩል አያይም። የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ ካምፓሶች በዋናነት የሚያዩት ውጤታችሁን ነው። የምታስቡትን ኮሌጅ ስም ከ"ኮመን ዳታ ሴት" ጋር ጎግል አድርጉ፤ ኮሌጁ ስለ ራሱ መረጃ የሚሰጥበት ሰነድ ነው። ብዙዎቹ በየዓመቱ ያወጡታል። ሲ7 የሚለው ክፍል ላይ ውጤት፣ ጽሑፍ፣ እንቅስቃሴ እያንዳንዱ "በጣም አስፈላጊ" ከሚለው እስከ "አይታይም" ድረስ ተመዝኗል። ከሰው ወሬ እሱን ማየት ይሻላል። ወላጆችም እባካችሁ፣ ልጃችሁን ከሰው ልጅ ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት ይህን ገጽ አብራችሁ ክፈቱ።

በመጨረሻ፣ ካውንስለራችሁ፣ ማለትም የትምህርት ቤታችሁ አማካሪ፣ ስለ እናንተ ለኮሌጆቹ ደብዳቤ ይጽፋል። ቤት ውስጥ የተሸከማችሁትን ካልነገራችሁት አያውቅም። ደብዳቤው ሳይላክ ቀጠሮ ያዙና ቁጭ ብላችሁ ንገሩት።