ራምቦ ከሐረር የጻፋቸው ደብዳቤዎች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የደራሲያንን የእጅ ጽሑፍ ደብዳቤ ስለመሰብሰብ ላውራችሁ። ሐረር ተቀምጦ ይህን ሲያነሱ ፈረንሳዊውን ገጣሚ አርተር ራምቦን ማለፍ አይቻልም።

ጀጎል ውስጥ ያለውን «ራምቦ ቤት» ታውቁታላችሁ። ያንን ቤት ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የተሠራውም ከራምቦ በኋላ ነው። ደብዳቤዎቹ ግን እውነትም የሐረር ናቸው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ላይ ለንግድ ሲመጣ ግጥም ትቶ ነበር። ለቤተሰቡ መጻፉን ግን አልተወም።

እኔን ልቤን የሚነካኝ ሜይ 6 ቀን 1883 የጻፈው ነው። ራሱን ያነሳቸውን ፎቶዎች አብሮ ልኳል። አንዱ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ አንዱ ቡና መሀል፣ ሌላው ሙዝ ተክል ውስጥ እጁን አጣምሮ። ፎቶዎቹ ነጥተዋል፤ የማጥብበት ውሃ መጥፎ ነው ይላል። እዚያው ደብዳቤ ላይ ወንድ ልጅ ወልዶ፣ አስተምሮ፣ ስመ ጥር መሐንዲስ ሊያደርገው ይመኛል። ልጅ ሳይወልድ በ37 ዓመቱ ሞተ። ይህን ሳነብ ሆዴ ይባባል።

ታዲያ ታትሞ የለም ወይ፣ ወረቀቱ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ብዙ ያደርጋል! እሱ ከሞተ በኋላ የእህቱ ባል ፓተርን ቤሪሾን ደብዳቤዎቹን በ1899 ሲያሳትም እንደፈለገው ነካክቷቸዋል። አማቹን ሊያሳምር ብሎ። እርማቱ የተገኘው ዋናውን የእጅ ጽሑፍ ካስቀመጡ ሰዎች ነው። ለዚህ ነው ሰብሳቢዎችን የማከብረው።

እኛም ጋ እንዲህ ያለ ሰው አለ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በየቤቱ የተቀመጡ የሐረር ጥንታዊ ጽሑፎችን ሰብስበው ሙዚየም አቋቁመዋል። የተጎዱትን ለመጠገንም መጽሐፍ መጠረዝ ተምረዋል። የደራሲዎቻችንን ደብዳቤ በዚህ ልክ የሚፈልግልን ሰው ያስፈልገናል። ስንቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጦ ይሆን?

እናንተ ቤት ካለ አደራ፣ ፖስታውንም አትጣሉት። ማኅተሙ የተላከበትን ቀንና ቦታ ይናገራል። ስኮች አትለጥፉበት፣ ላሚኔትም አታስደርጉት፤ ወረቀቱን ይጎዳዋል። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። ማን ለማን እንደጻፈው የሚያውቅ አዛውንት ካለም ዛሬውኑ ጠይቃችሁ በሌላ ወረቀት ላይ መዝግቡ።