አንድ ማሽን፣ አምስት ዲፓርትመንት

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የጋበዙኝ ሰዎች “ስለ ምርምር ንገርልን” አሉኝ። ስለ የትኛው ብዬ ብጠይቅ “ስለ ሁሉም ነዋ! ፊዚክስም፣ ኬሚስትሪም፣ ሒሳብም፣ ኢንጂነሪንግም፣ ስለ አንጎልም” አሉ። በ20 ደቂቃ! ደግነቱ እኔ የኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ማሽን፣ ጥገና ባለሙያ ነኝ። አምስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው ነው የማገኛቸው።

በዚያ ላይ እናንተ የዲፓርትመንት ምርጫ ሰሞን ላይ ናችሁ። “ፊዚክስ ገብተህ ምን ልትሆን ነው?” የሚል አጎት የሌለው ተማሪ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? የለም።

በአንድ ገጠመኝ ልጀምር። አንድ ጠዋት ማሽኑን ጠግኜ፣ በትክክል መሥራቱን ልይ ብዬ እዚያው ቆየሁ። አንዲት እናት ለራስ ምርመራ መጡ። ወደ ክፍሉ ከመገባቱ በፊት ብረት ነክ ነገር ሁሉ ይወልቃል። ጉትቻው ወለቀ፣ የፀጉር ሽቦው ወለቀ። ማተባቸው ላይ ግን መስቀል አለ፤ እሱ ላይ ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ ልጃቸው በመሐረብ ጠቅልላ ያዘችላቸው። አልጋው ላይ ተጋድመው ወደ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ እጄን ያዝ አደረጉና “ልጄ፣ የማስበውንም ያየዋል እንዴ?” አሉኝ።

“ኧረ አያይም እማማ!” አልኳቸው።

ወረፋ ነበር፣ የችኮላ መልስ ነው የሰጠሁት። ትክክለኛው መልስ ረጅም ነው። ዛሬ ማይክ ስላገኘሁ እሱን ልበል።

ይቺን ሃይላንድ ተመልከቱ። ግማሽ ሊትር ውሃ ናት። ውስጧ ያሉት የሃይድሮጅን አቶሞች ቁጥር 3 ተብሎ 25 ዜሮ ይከተለዋል። የእያንዳንዱ ሃይድሮጅን አስኳል አንድ ፕሮቶን ነው፤ ፕሮቶን ደግሞ ትንሽዬ ማግኔት ነው። ጠንካራ ማግኔት ውስጥ ሲገባ፣ ሊቆም ሲል እንደሚንገዳገድ እንዝርት ይዞራል። የሚዞርበት ፍጥነት አያሳስትም። ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው፤ በ1 ቴስላ ማግኔት ውስጥ በሰከንድ 42.58 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል። ማግኔቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም እጥፍ ነው። ልክ በዚያው ፍሪኩዌንሲ የሬዲዮ ሞገድ ከላካችሁበት ይቀበላል። ስታቆሙ መልሶ ይሰጣችኋል። በሌላ ፍሪኩዌንሲ ከላካችሁ ግን ዞር ብሎም አያያችሁ።

ሬዲዮ ስል ለምሳሌ ያህል አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ የምታዩት ባለ 1.5 ቴስላ ማሽን የሚሠራው በ64 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ በሰከንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ማለት ነው፤ ባለ 3 ቴስላው በ128 አካባቢ። ኤፍኤም ያለው መሀላቸው ላይ ነው። እስቲ አስሉት፤ 2.4 ቴስላ የሆነ ማግኔት ብናገኝ በውስጣችን ያለው ሃይድሮጅን የሸገርን 102.1 ይይዛል ማለት ነው። የኤምአርአይ ክፍል ግድግዳው ዙሪያውን በመዳብ የሚለበጠውም ለዚህ ነው። የውጭ ሬዲዮ እንዳይገባ። በሩ በደንብ ሳይዘጋ ምርመራ ከተጀመረ ምስሉ ላይ መስመር ይጋደማል። “ማሽኑ ተበላሸ” ተብዬ ከከተማ ማዶ ሮጬ መጥቼ በር ዘግቼ የተመለስኩበት ቀን አለ።

ይህን የፕሮቶንና የሬዲዮ ነገር ያገኙት ፊዚክስ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራቸው። ኢሲዶር ራቢ በ1930ዎቹ በጨረር መልክ በሚበሩ ሞለኪውሎች ላይ አየው። በ1946 ደግሞ ኤድዋርድ ፐርሴል ሃርቫርድ ላይ፣ ፌሊክስ ብሎክ ስታንፎርድ ላይ፣ ተለያይተው እየሠሩ፣ በተራ ቁስ ላይ ማየታቸውን አሳተሙ። ፐርሴል የተጠቀመው ፓራፊን ሰም ነው፤ ብሎክ ውሃ። ሁለቱም በጦርነቱ ጊዜ ከራዳር ጋር የተያያዘ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ የሬዲዮ ሞገድ እጃቸው ላይ ነበር። በ1952 ኖቤሉን ተካፈሉ። ፐርሴል በኖቤል ንግግሩ ላይ፣ ያን ክረምት ደጃፉ ላይ የተቆለለውን በረዶ በአዲስ ዓይን እንዳየው ተናግሯል። በምድር ማግኔት ውስጥ ዝም ብሎ የሚዞር የፕሮቶን ክምር ሆኖ ታየው። ስለ ሕመምተኛ ያሰበ አልነበረም። የፈለጉት የአስኳልን ማግኔትነት መለካት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ደስ ይለኛል። ፊዚክሱን የረበሸው ነገር ኬሚስትሪውን ቀለበው። አንድ ዓይነት አቶም፣ አንድ ማግኔት ውስጥ ሆኖ፣ ፍሪኩዌንሲው ከውህድ ውህድ ትንሽ ይለያያል። በዙሪያው ያሉት ኤሌክትሮኖች ይጋርዱታላ። አስኳሉን በትክክል መለካት ለሚፈልግ ሰው ይሄ ጣጣ ነው። በ1951 ስታንፎርድ ላይ ኢታኖልን ሲለኩ ግን ሦስት የተለያዩ መስመሮች ወጡ። ኢታኖል ያው አረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ነው። ሦስት ዓይነት ቦታ የተቀመጡ ሃይድሮጅኖች አሉት፤ ሦስቱም ድምፃቸውን ሰጡ። ከዚያ ወዲያ ኬሚስቶች መሣሪያውን አልለቀቁትም። የማይታየውን ሞለኪውል ቅርጽ የሚነግር ነገር ተገኝቶ ማን ይለቃል?

ከእነሱ አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ሪቻርድ ኤርንስት ነው። በ13 ዓመቱ የሟች አጎቱን ኬሚካል የሞላበት ሣጥን ቆጥ ላይ አገኘ። ቤቱ አለመቃጠሉ ተአምር ነው። አድጎ ካሊፎርኒያ ሄደና አንድ ነገር አስከፋው፤ ፍሪኩዌንሲዎቹን አንድ በአንድ እየቀየሩ መለካት ጊዜ ይፈጃል። ለምን ሁሉንም ባንድ ጊዜ አንመታቸውም?

እዚህ ላይ ክራር አስቡ። አውታሮቹን ሁሉ ባንዴ ብትመቷቸው አንድ የተደበላለቀ ድምፅ ይወጣል። የለመደ ጆሮ ግን የትኛው አውታር እንደላላ ይለያል። ያን ጆሮ በቀመር የሠራው ፈረንሳዊው ፎሪየር ነው። ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ ድረስ የዘመተ ሰው ነው፤ ያሳሰበው ሙቀት በብረት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ነበር። ማንኛውም የተዘበራረቀ ሞገድ ከንጹሕ ሞገዶች ተደምሮ ይሠራል አለ። በ1807 ሲያቀርበው ላግራንዥን የመሰለ የሒሳብ ሊቅ ተቃወመው። መጽሐፉ የታተመው በ1822 ነው። ኤርንስት ይህን ቀመር አንሥቶ የተደበላለቀውን ምልክት በኮምፒውተር ለያየው። ጽሑፉን የላከበት መጽሔት ሁለት ጊዜ መለሰበት፤ በ1966 ሌላ ቦታ አሳተመው። በ1991 የኬሚስትሪ ኖቤል አገኘ።

ልብ በሉ፣ ቀመሩ ብቻውን አይበቃም ነበር። 1,024 ነጥብ ያለው ምልክት በድሮው መንገድ ሲሰላ ከ1 ሚሊዮን በላይ ማባዛት ይጠይቃል። በ1965 ኩሊና ተኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያወጡት አቋራጭ ስሌቱን ወደ 10,000 ገደማ አወረደው። ዛሬ ስልካችሁም፣ ኤምአርአይም በዚሁ መንገድ ነው የሚያሰሉት። “ሒሳብ ተምሬ የት ልቀጠር?” ለምትሉ፣ እኔ ጋ ያለው ማሽን ሒሳብ ባይኖር በብዙ ሚሊዮን ብር የሚገዛ ማቀዝቀዣ ነው።

እስካሁን ግን ምስል የለም። ምልክቱ መጣ፤ ከየት እንደመጣ ግን አይታወቅም። ይህን የፈታው ፖል ላውተርበር፣ ኬሚስት ነው። በ1971 ነው፤ ሐሳቡ የመጣለት ሃምበርገር እየበላ ሳለ እንደሆነ ይነገራል። ማግኔቱን ሆን ብለህ ከአንድ ወገን ትንሽ ጠንከር፣ ከሌላው ወገን ላላ አድርገው። ያኔ ቀኝ ያለው ሃይድሮጅን ቀጠን ባለ ድምፅ፣ ግራ ያለው ወፈር ባለ ድምፅ ይመልሳል። ድምፁ አድራሻ ሆነ ማለት ነው! ሌላ ሰው ማግኔቱ እኩል እንዲሆን ሲለፋ የኖረውን እሱ ሆን ብሎ አዛነፈው። የመጀመሪያው ምስል የሁለት ቀጫጭን የውሃ ቱቦዎች ነው፤ ሁለት ክብ ነጠብጣብ። መጽሔቱ መጀመሪያ አልቀበልም ብሎት ነበር፤ በ1973 ወጣ።

እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ደግሞ በ15 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ነው። ኋላ ተመልሶ ፊዚክስ ተማረ። ምስሉ በፍጥነት የሚነሣበትን ዘዴ አወጣ። በ1978 ሙሉ ሰው የሚገባበትን ትልቁን ማሽን ሲሠሩ አደጋ ሊኖረው ይችላል እየተባለ ራሱ ገባበት። በ2003 ከላውተርበር ጋር የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ። አንዱ ኬሚስት፣ አንዱ የፊዚክስ ሰው፤ ሐኪም የለም።

አሁን ወደኔ ሰፈር፣ ወደ ኢንጂነሪንግ። 1.5 ቴስላ ከምድር ማግኔት 30,000 እጥፍ ገደማ ነው። ይህን ያህል ጉልበት ለምን? ፕሮቶኖቹ ግማሾቹ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ግማሾቹ ወደ ተቃራኒው ይመለከቱና ይጣፋሉ። ከ1 ሚሊዮኑ የሚተርፈው 5 ገደማ ነው። ምስሉ በሙሉ የሚሠራው ከእነዚያ ከ5ቱ ነው። ይህን ማግኔት የሚሰጠው ከኒዮቢየምና ቲታኒየም የተሠራ ሽቦ ነው፤ በፈሳሽ ሂሊየም ወደ 269 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ድካም ያሳልፋል። አንዴ የገባው ከረንት ዙሪያውን ሲዞር ይኖራል። ስለዚህ መብራት ቢጠፋም ማግኔቱ አይጠፋም። “መብራት የለም፣ ችግር የለውም” ብሎ የኦክስጅን ሲሊንደር እየገፋ የሚገባ ሰው የሚያስደነግጠኝ ለዚህ ነው።

ማግኔቱ አይጠፋም፤ ሂሊየሙ ግን ይተናል። ማቀዝቀዣው ቀን ከሌሊት “ችፕ፣ ችፕ፣ ችፕ” ይላል፤ እንደ ጫጩት። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የት እንደሆነ ይቆየኝ፣ ክፍሉ ውስጥ ስገባ ጭጭ ብሏል። ሆዴ ቦጭ አለ። ቅዳሜ መብራት ሄዷል፤ ጄኔሬተሩ ተነሥቷል፣ አምፖሉ ሁሉ በርቷል። ለማቀዝቀዣው የሚሄደውን ውሃ የሚያበርደው ቺለር ግን ከጄኔሬተሩ ጋር አልተገናኘም! ማሽኑ አላርም ሲያሰማ ውሏል፣ አድሯል። ዘበኛው ሰምቷል፤ “የኮምፒውተር ነገር መስሎኝ” አለ። በእሱ አልፈርድም፣ ማንም አልነገረውም። ሂሊየም እስኪመጣ ስንት ሳምንት እንደተጠበቀ አልነግራችሁም። ኖቤል የተሸለመ ፊዚክስ በአንድ ገመድ ቆመ።

እንግዲህ ወደ እማማ ጥያቄ።

በ1936 ላይነስ ፖሊንግና ኮርየል የተባሉ ኬሚስቶች አንድ ነገር ለክተው ነበር። ኦክስጅን የያዘ ደምና ኦክስጅኑን የሰጠ ደም ለማግኔት ያላቸው ጠባይ ይለያያል። 54 ዓመት ቆይቶ፣ በ1990፣ ተመራማሪው ሴይጂ ኦጋዋ የአይጥ አንጎል ላይ ልዩነቱን በኤምአርአይ አየው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚበላው ጉልበት ግን 20 በመቶ አካባቢ። አንድ ክፍሉ ሥራ ሲበዛበት ደም ይላክለታል። በ1992 በሰው ላይም ታየ። የምልክቱ ለውጥ ግን ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ደሙም ከሥራው 5 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው ከፍ የሚለው። ማሽኑ ያየው ሐሳብን ሳይሆን ደምን ነው፤ ያውም ዘግይቶ።

ጥንቃቄ ካላከላችሁበት ደግሞ ያልነበረ ያያል። በ2009 አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች የሞተ ሳልመን ዓሣ ማሽን ውስጥ አስተኝተው የሰዎች ፎቶ አሳዩት። “ይህ ሰው ምን ይሰማዋል?” ብለውም ጠየቁት። ዓሣው አንጎል ውስጥ የበራ ነጥብ ወጣ! ቀልድ ቢመስልም ሒሳብ ነው። ከሺህ አንዴ የሚሳሳት ፈተና 100,000 ቦታ ላይ ከደገማችሁት 100 ያህል የውሸት ነጥብ ይወጣላችኋል። ካላረማችሁት ሬሳ ያስባል።

ስለዚህ “አያይም” ማለቴ ልክ ነበር? ለእሳቸው ምርመራ፣ አዎ። ግን በ2023 ቴክሳስ ላይ ተመራማሪዎች ፈቃደኛ ሰዎችን በየግላቸው ለ16 ሰዓት ማሽን ውስጥ ታሪክ አሰምተው፣ ኋላ የሚሰሙትን ታሪክ ጭብጥ ከአንጎላቸው ምልክት ማውጣት ችለዋል። ቃል በቃል አይደለም፤ ጭብጡን። ኮምፒውተሩ በአንዱ ሰው የተማረው በሌላው ላይ አልሠራም። ሰውዬው ልቡን ወደ ሌላ ነገር ሲመልስም ይከሽፋል።

እንግዲህ እማማን ዛሬ ባገኛቸው “16 ሰዓት ተኝተው ካልሰጡኝ በቀር አያይም፤ እሱንም እርስዎ ካልፈለጉ እምቢ ይላል” ነው የምላቸው። መስቀሉን ግን አሁንም አስወልቃቸዋለሁ።

ይቺን ሃይድሮጅን ልጠጣት። ጥያቄ ያላችሁ ማይኩ እዚያ ጋ አለ።