ሦስት አውራ ለስምንት ዶሮ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ፦ 8 ሴት ዶሮና 3 አውራ አለኝ። አውራዎቹ አብረው የተፈለፈሉ ወንድማማቾች ናቸው። እስከ ቅርብ ጊዜ ተስማምተው ይበሉ ነበር። አሁን ጠዋት በሩን ስከፍት ድብድብ ነው። ምን ነካቸው?

መልስ፦ አደጉ እንጂ ምንም አልነካቸውም። ወንዱ 4 ወይም 5 ወር ሲሞላው መጮህና ሴት ማባረር ይጀምራል። ወንድምነት እዚያ ላይ ያበቃል። የአንገት ላባ ነፍቶ መፋጠጥ፣ አንድ ሁለቴ ዘሎ መማታት ያለ ነው። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ከሸሸ የበላዩ ታውቋል፤ ጣልቃ አይግቡ። የሸሸውን ጥግ ድረስ ተከትሎ ካደማው ግን ወዲያው ይለዩዋቸው። ዶሮ ደም ካየ ሌላውም መጥቶ ቁስሉን ይጠቀጥቃል።

እኔን ያሳሰቡኝ ግን ሴቶቹ ናቸው። ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ነው የሚመከረው። የእርስዎ ስምንቱ ለአንዱ ቢበቁ ነው። ዛሬ ማታ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ባትሪ ይዘው ይግቡና አንድ በአንድ ያንሷቸው። አውራ ሲያጠቃ (ከሴቷ ጋር ሲገናኝ) ማጅራቷን በአፉ ይዞ ጀርባዋ ላይ ይቆማል። ላባዋ መጀመሪያ የሚያልቀውም እዚያው ነው። ክንፏንም ገልጠው ጎኗን ይዩ። የአውራው የእግር ሾህ የሚቀዳት በዚያ በኩል ነው፤ ላባ ስለሚሸፍነው ቁስሉ ሳይታወቅ ይከርማል። አንዷ ብቻ ተመልጣ ሌሎቹ ደህና ቢሆኑ አይገረሙ። አውራ የሚመርጣት አለችው፤ መከራውን የምትበላው እሷ ናት።

ስለዚህ አንዱን ብቻ ያስቀሩ። ብዙ ሰው ግዙፉንና የሚያምረውን ይመርጣል። እኔ ጠባዩን ነው የማየው። እህል ሲያገኝ ኩክ ኩክ ብሎ ሴቶቹን ጠርቶ እሱ ቆሞ የሚጠብቀው ይቅር። ሰው ላይ የሚዘለው ይሂድ፤ በተለይ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ።

አድማጭ፦ ማረድ ባልፈልግስ?

መልስ፦ ሁለቱን ለብቻቸው ያኑሯቸው፤ ሴቶቹን በማያዩበት ቦታ። የሚያጣላቸው ሴት ስለሆነች (የዶሮ ነገር ነው የማወራው) ብቻቸውን ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማሉ። መመገቢያና ውሃ በሁለት ጥግ ያድርጉ፤ የተሸነፈው የሚሸሸግበት መከለያም ይኑር። አንዱን ለጥቂት ቀን አውጥተው መልሰው ከከተቱት ግን እንደ እንግዳ ነው የሚቆጠረው፤ ጠቡ ከሀ ይጀምራል። መጀመሪያ በሽቦ ተለያይተው ይተያዩ።

አድማጭ፦ አውራ ከሌለ እንቁላል ይቀራል?

መልስ፦ አይቀርም። ሴቷ ያለ አውራም ትጥላለች፤ ጫጩት ግን አይወጣውም። አውራ ቀይረው የአዲሱን ዘር ከፈለጉ ደግሞ አይቸኩሉ። የድሮው ዘር ሴቷ ውስጥ 2 ሳምንት ገደማ ይቆያል። ለማስታቀፍ የሚሆነውን እንቁላል ከ3 ሳምንት በኋላ ይሰብስቡ።