የእማዬ ፌስታል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ።

እማዬ መድኃኒቶቿን የምትይዘው በጥቁር ፌስታል ነው። በቀደም አልጋዋ ላይ ዘረገፍኩት። ሜትፎርሚን፣ የስኳሯ። ኢናላፕሪልና አምሎዲፒን፣ የግፊቷ። ከስር ደግሞ ዳይክሎፌናክ።

«ይሄስ የምንድን ነው?»

«የጉልበቴ። እሱን ያዘዘልኝ ሌላ ሐኪም ነው።»

ዳይክሎፌናክ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ግን እኮ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ኩላሊትም ይጎዳል፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ለኩላሊቱ መጠንቀቅ አለበት። ግፊቷ አልወርድ ሲላት የግፊት ክፍሉ አምሎዲፒን ጨመረላት። ስለ ጉልበቷ ክኒን የጠየቃት የለም። እሷም ትንፍሽ አላለች። «የሄድኩት ለግፊት ነው» ትላለች። ሦስት ቀጠሮ፣ ሦስት ወረፋ፣ አንድ እማዬ።

ሐኪሞቹ ላይ መፍረድ ይከብደኛል። በር ላይ የሚጠብቃቸውን የሰው ብዛት አይቻለሁ።

መመሪያ የለም እንዳይባልም አለ። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2017 ለጤና ጣቢያዎች ያወጣው የሕክምና መመሪያ መነሻው ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፓክ የሚባለው ነው። ስኳሩን፣ ግፊቱን፣ አስሙን፣ ድብርቱን አንዱ ባለሙያ ከአንድ መጽሐፍ እያየ እንዲያክም ተብሎ የተሰናዳ። ወረቀት ላይ እማዬ አንድ ሰው ናት።

የሚያስቀናኝ ግን የኤችአይቪ ክፍሉ ነው። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እዚያ ታካሚው የራሱ ማኅደር አለው። ለመድኃኒቱ ሲመጣ ስለ ሳልና ላብም ይጠየቃል፤ ቲቢ እንዳያመልጥ። ከቀጠሮ ከቀረ ይፈለጋል። እንግዲህ አንድን ሰው ዕድሜ ልኩን መከታተል እናውቅበታለን ማለት ነው! ግን ያንን ያቋቋመው ገንዘብ ግሎባል ፈንድ ከሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅትና ፔፕፋር ከሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የኤችአይቪ ፕሮግራም በበሽታው ስም ተቆርጦ የመጣ ነበር። ለስኳርና ለግፊት ያን ያህል ለጋሽ አልመጣም። እንደኔ ነገሩ የተቋጠረው እዚህ ጋ ነው፤ በጀቱ በበሽታ ሲከፋፈል በሽተኛዋም አብራ ትከፋፈላለች።

ሰኞ ፌስታሉን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት አለ? የባህልም ቢሆን?» እማዬ ፌጦውን ሁሉ ተናዘዘች። ዳይክሎፌናኩ ቀረ፤ በምትኩ ፓራሲታሞል ታዘዘ። ደግሞ የስኳሩና የግፊቱ ቀጠሮ በአንድ ቀን ሆነ።

ትናንት አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷ ስር ሁለት ዳይክሎፌናክ አገኘሁ።

«ለሚብስ ቀን ነው» አለችኝ።