ከቅጥሩ ወደ ጎዳናው፦ የፑሪው ጃጋናት ቤተ መቅደስና የሠረገላው በዓል

ሀ፦ ጤና ይስጥልን፣ ውድ አድማጮቻችን። የዛሬው ውይይታችን በምሥራቅ ሕንድ፣ በኦዲሻ ግዛት፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በምትገኘው በፑሪ ከተማ ስላለው፣ ጃጋናት የተባለው የሂንዱ አምላክ ስለሚመለክበት ቤተ መቅደስና በየዓመቱ ስለሚያከብረው የሠረገላ በዓል ነው። ቤተ መቅደሱን ማን አሠራው?

ለ፦ ዛሬ የምናየውን ሕንፃ ያስጀመረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የምሥራቅ ጋንጋ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ የነበረው አናንታቫርማን ቾዳጋንጋ ነው። ዋናው ግንብ ወደ 65 ሜትር ይደርሳል። እኔን ከድንጋዩ ግዝፈት ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን፣ በዚያ ሁሉ ድንጋይ መካከል የሚመለኩት የጃጋናት፣ የታላቅ ወንድሙ የባላባድራና የእህታቸው የሱባድራ ምስሎች ከኒም እንጨት የተጠረቡ መሆናቸው ነው። እንጨት ያረጃልና፣ በሂንዱ የዘመን አቆጣጠር አሻዳ የተባለው ወር በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ሲውል፣ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 19 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አሮጌዎቹ ተቀብረው በአዲስ ይተካሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የተደረገው እንዲህ ነበር።

ሀ፦ ወደ በዓሉ እንለፍ። የሚውለው በእኛ ሰኔ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ መሰናዶው ግን ቀደም ብሎ እንደሚጀመር አንብቤያለሁ።

ለ፦ ልክ ነሽ። ሦስቱ ሠረገሎች በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚሠሩ ሲሆን፣ ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱ አናጢዎች ሁለት ወር ገደማ ይደክሙባቸዋል። የጃጋናት ሠረገላ 16፣ የባላባድራ 14፣ የሱባድራ 12 መንኮራኩር አላቸው፤ ትልቁ ከ13 ሜትር በላይ ይቆማል። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ምስሎቹ በ108 እንስራ ውኃ ይታጠባሉ፤ ከዚያም እንደ ሰው ታመዋል ተብሎ ከሕዝብ ዐይን ተሰውረው ይሰነብታሉ።

ሀ፦ ይህ ልቤን ይነካዋል፤ ምእመናኑ አምላካቸው ታሞ እስኪያገግም የሚጠብቁ፣ ናፍቀውም የሚቀበሉት ናቸው ማለት ነውና።

ለ፦ ናፍቆቱ በተለይ ወደ ውስጥ መግባት ለማይችሉት የበረታ ይመስለኛል። ቤተ መቅደሱ ሂንዱ ያልሆኑትን አያስገባም። በዓሉ ሲደርስ ግን አምላኩ ራሱ ወደ ጎዳናው ይወጣል፤ ማንም ያየዋል፣ ገመዱንም ብዙ ሺሕ እጆች ይስባሉ። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት የፑሪው ንጉሥ እጀታው ወርቅ በሆነ መጥረጊያ የሠረገሎቹን ወለል ይጠርጋል። በአምላኩ ፊት ንጉሡም ጠራጊ ነው።

ሀ፦ የሳላቤጋም ታሪክ እዚህ ላይ ይነሣል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ አባቱ ሙስሊም የነበረ፣ ወደ መቅደሱ መግባት ሳይፈቀድለት ለጃጋናት መዝሙር የደረሰ ባለቅኔ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ሳላቤጋ ከሩቅ አገር እስኪደርስ ሠረገላው አልንቀሳቀስም ብሎ ጠበቀው። ዛሬም በመንገዱ ዳር ባለው መቃብሩ አጠገብ ሲደርስ ቆም ይላል።

ለ፦ ብዙ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ግን ይህን ትተው፣ ምእመናን ሆን ብለው ራሳቸውን ከመንኮራኩሩ ሥር ይጥላሉ የሚለውን ወሬ አስፋፉ፤ የጃጋናት ስምም በእንግሊዝኛ ፊቱ የቆመውን ሁሉ ለሚጨፈልቅ ኃይል መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በሕዝብ ግፊያ የደረሰ አደጋ መኖሩ እውነት ነው፤ በዓሉን በዚያ ብቻ ማስታወስ ግን ትልቅ በደል ነው።

ሀ፦ ከጉዞው በኋላስ?

ለ፦ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጉንዲቻ ቤተ መቅደስ ሰባት ቀን ገደማ ቆይተው በዚያው ጎዳና ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ሠረገሎቹ ይፈርሳሉ፤ ከእንጨታቸውም ብዙው ወደ ቤተ መቅደሱ ማእድ ቤት ይገባና፣ በሸክላ ድስት ተደራርቦ ለሚበስለው፣ የማንኛውም ወገን ምእመን በአንድነት ተቀምጦ ለሚበላው ቅዱስ ምግብ ማገዶ ይሆናል።